ገብስማዋ ድልድዩን የተሻገረች ዕለት

እኔ በዚያች ከተማ የማቀፍ ዳኛ ነበርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ነዋሪዎቿም ቢሆኑ «እዚህ» ከማለት በቀር በሌላ ስም ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም። ሥራዬ አንዲት ዶሮ እንቁላል ልታቅፍ ቆርጣ መቀመጧን ወይም እንዲያው ማረፏን መርምሮ ፍርድ መስጠት ነበር። መሳቅ የምትፈልጉ ካላችሁ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ። በዚያ አገር ከዳኞች ሁሉ የሚከበረው የማቀፍ ዳኛ ነው፤ ምክንያቱም የሁለት ሰፈር ሰላም የተቀመጠው በዶሮ ክንፍ ሥር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ላይ ሰፈር፣ ወዲያ ያለው ታች ሰፈር ይባላል። ሁለቱ ሰፈሮች ከድሮ ጀምሮ አይዋደዱም። ምክንያቱን የጠየቅኳቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ለመናገር አፋቸውን ይከፍቱና ትንሽ አስበው «ብቻ የጀመሩት እነሱ ናቸው» ይላሉ። ጣሪያ ይቃጠል ነበር፤ በግ ይሰረቅ ነበር፤ ልጆች በወንጭፍ ይፈነካከቱ ነበር። ይህን ያስቆመው ጠቢብ ሰው እንዳይመስላችሁ። ያስቆመችው አንዲት የላይ ሰፈር ዶሮ ናት። ከቤቷ ጠፍታ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ የታች ሰፈር ሰው እንቁላል ላይ ገብታ ቁጭ አለች። ባለዶሮዎቹ ዶሯቸው እንዳትነካ፣ ባለእንቁላሎቹ ደግሞ እንቁላላቸው እንዳይሰበር ፈሩ። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ከሁለቱም ወገን አንድ ድንጋይ የወረወረ አልነበረም። ሰዉ ነገሩ ተመቸውና ሕግ አደረገው።

በሕጉ መሠረት ዶሮው ማቀፍ የፈለገች ሰው የራሱን እንቁላል አያስታቅፍም። ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ሰው ይለምናል፤ የማዶው ሰውም አይከለክልም። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ ከእናታቸው ክንፍ ወጥተው እስኪካፈሉ ድረስ፣ ባለእንቁላሉ ባሻው ቀን ድልድዩን ተሻግሮ «እንቁላሌን ልጠይቅ» ብሎ መግባት ይችላል። በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፁን ከፍ ማድረግ ግን አይፈቀድለትም፤ ዶሮዋ ትደነግጣለች። ባለቤቱም እንግዳውን ወንበር ሳያቀርብለት መመለስ አይችልም። ከዚህ ሌላ በሆነ ምክንያት ድልድዩን መሻገር ክልክል ነው። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ከጠቡ ዘመን የተረፈ ነበር፤ ልሰርዘው ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም።

የእኔ ምርመራ ቀላል ናት። እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ዶሮዋ ሥር እሰዳለሁ። ብድግ ካለች ማረፏ ነበርና አሰናብታታለሁ። በመንቆሯ ጠቅ አድርጋኝ ካለችበት ካልተነቃነቀች ግን እውነተኛ ታቃፊ ናት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም ከተቀመጠችበት ሊያነሣት አይችልም፤ ምግብና ውኃም አንገቷ በሚደርስበት ቦታ ይቀርብላታል። አንዳንዷን ባዶ ሣር ላይ፣ አንዳንዷንም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አግኝቻታለሁ። ሕጋችን ግን ከሥሯ ያለውን አይመረምርም፤ አቀማመጧን ብቻ ነው የሚያየው። ይህ ምርመራ ለሹማምንትም ይደረግ ያሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር። ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴው ገና እጄን ስዘረጋ ብድግ ብሎ ተበተነ።

በዳኝነት ዘመኔ ካየኋቸው ታቃፊዎች ሁሉ የእትዬ አስካለን ገብስማ የምትስተካከል አላጋጠመችኝም። እትዬ አስካለ በላይ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ገብስማዋ ለመልክ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ ጅራቷ ሳስቷል፣ አንድ ጥፍሯም ጎድሏል። አንዴ ከተቀመጠች ግን ቤቱ ቢፈርስ የምትነሣ አትመስልም። ከጓዳው ጨለማ ጥግ፣ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ሆና፣ እንቁላሎቹን በመንቆሯ እያገላበጠች፣ የዳሩን ወደ መሐል የመሐሉን ወደ ዳር ታደርጋለች። በቀን አንዴ ወርዳ ጥሬ ትለቅማለች፣ አፈር ትታጠባለች፣ እንቁላሎቹ ሳይቀዘቅዙ ተመልሳ ትወጣለች። ጫጩቶቹ ገና ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ከውስጥ ሲንጫጩ እሷ ከላይ ሆና በዝግታ ስትመልስላቸው ሰምቻለሁ። ከማን ቤት እንደመጡ ጠይቃቸው እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

የእንቁላሉ ባለቤት ሁልጊዜ ጋሽ ብናልፈው ነበሩ። ጋሽ ብናልፈው የታች ሰፈር ክዳን ሠሪ ናቸው፤ እሳቸውም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በጠቡ ዘመን የእሳቸው አባት የእትዬ አስካለን አባት ጣሪያ አቃጥለዋል። ጋሽ ብናልፈው ይህንን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ብቻ እንቁላላቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር አንድ እቅፍ የክዳን ሣር ይዘው ይመጣሉ። የድልድዩ ዘበኛ ባዩ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ጋሽ?» ሲላቸው «ለዶሮዋ ጉዝጓዝ ነው» ይሉታል። ባዩም የዶሮዋ መኝታ ይህን ጊዜ ከማማ ሳይበልጥ አልቀረም እያለ ያሳልፋቸው ነበር። ሣሩ የት እንደሚሄድ የእትዬ አስካለን ጣሪያ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ በሁለቱም ሰፈር እንዲህ ያለ የጠገበ ክዳን አልነበረም።

«እንቁላሎቼ እንዴት ዋሉ?» ይላሉ ጋሽ ብናልፈው ቁጭ ብለው።

«ደህና ናቸው። አንደኛው ትላንት አሳስቦኝ ነበር፤ ዛሬ እግዜር ይመስገን ተሽሎታል» ይላሉ እትዬ አስካለ።

«ብርድ መቶት ይሆናል።»

«መሰለኝ።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ ዶሮዋ ያያሉ። ጋሽ ብናልፈው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይነሡና በማግስቱ ይመለሳሉ። ዶሮዋ ማቀፏን በተወችባቸው ወራት ግን ወንዙ ዳር መጥተው ቆመው ይታያሉ። የሚሻገሩበት ምክንያት የላቸዋ።

እንዲህ እየኖርን ሳለ የመነሻ ሹም ተሾመብን። ስሙ አቶ እንዳላማው ነው፤ ረጅም ካፖርት የሚለብስ፣ ለሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሳ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ጨዋ ሰው። ሥልጣኑ ማንኛውም ነገር ከመነሻው ጋር መሆኑን ማረጋገጥ ነው። መጀመሪያ በወንዙ የተንከባለሉ ድንጋዮችን ወደ ላይ አስመለሰ። ቀጥሎ ከላይ ሰፈር ተነሥቶ ታች ሰፈር የሚገባውን የጭስ መንገድ አጠና፤ በዚህ ላይ ነፋሱ አልተባበረውም። በመጨረሻ ወደ እኛ ወደ ዶሮዎቹ መጣ።

ያን ጊዜ ገብስማዋ ጫጩቶቿን አውጥታ ነበር፤ ገና ክንፍ አላበቀሉም። በዚያው ሰሞን ጭልፊት ሲወረወርባቸው ጫጩቶቹን በአንድ ድምፅ ከሥሯ ሰብስባ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ወደ ላይ ዘልላ ስትገጥመው በዓይኔ አይቻለሁ። ጭልፊቱ ባዶ እግሩን ተመለሰ። እሷ ግን ከጀርባዋ ላባ ተነጭቶ ደም እየወረዳት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው አፈር ጭራ አንድ ምስጥ አገኘችና ለልጆቿ ጣለችላቸው።

አቶ እንዳላማው ግን «መነሻውን የማያውቅ ፍጡር የለም» አለ። «ድልድዩ መሐል ላይ ልቀቋቸው። እያንዳንዱ ወደ መነሻው ይሄዳል።»

በጉም በተሸፈነ ጠዋት ሁለቱ ሰፈሮች ከወዲያና ከወዲህ ተሰብስበው እያዩ ጫጩቶቹ ድልድዩ መሐል ላይ ተለቀቁ። ብርድ ነበር። ሹሙ ወዴት እንደሚሄዱ በቅርብ ለማየት ቁጢጥ አለ። ጫጩቶቹ ግራ ቀኝ አይተው፣ ተንጫጭተው፣ ተሰልፈው ካፖርቱ ሥር ገቡ። አንዱም ውጭ አልቀረም። ሹሙ ሊነሣ ፈለገ፤ ግን ይረግጣቸው እንደሆነ ፈራ። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ እዚያው እንደተቀመጠ ቆየ። ባዩ ዱላውን ይዞ አጠገቡ ቆመ። እኔም ከልማድ የተነሣ እጄን ልዘረጋበት ብዬ ተውኩት።

ፀሐይ ወጥታ ጫጩቶቹ ሲበታተኑ ሹሙ ካፖርቱን አራግፎ ፍርዱን ሰጠ። «ራሳቸው ሊናገሩ ስላልፈቀዱ እንቁላሉ ይናገራል። ጫጩት ሁሉ ወደ ባለእንቁላሉ ቤት፣ ዶሮ ሁሉ በባለቤቷ ቤት።»

«እናታቸውስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«እናትነት ከመነሻ በኋላ የመጣ ነገር ነው፣ እናቴ» አለ ሹሙ በትሕትና።

እኔም ገና ክንፍ አለማብቀላቸውን፣ ብርዱም እንደሚገድላቸው አስረዳሁ። ሹሙ የክንፍ ጉዳይ በእሱ ሥልጣን ሥር እንዳልሆነ ነገረኝ።

በዚያው ዕለት ጫጩቶቹ በቅርጫት ተጭነው ወደ ጋሽ ብናልፈው ቤት ተወሰዱ። ሰዉ ስለ ጫጩቶቹ አወራ፤ እኔ ግን የማየው ሁለቱን ሽማግሌዎች ነበር። ጋሽ ብናልፈው ማዶ የሚጠይቁት እንቁላል የላቸውም። ጫጩቶቹ እቤታቸው ናቸው። ሕጉ ከእንግዲህ ድልድዩን የሚሻገሩበት ቀዳዳ አልተወላቸውም።

በሥራዬ ምክንያት ወደ ሁለቱም ሰፈር መግባት እችል ስለነበር በማግስቱ ሄጄ አየኋቸው። ጋሽ ብናልፈው ድንጋይ እሳት ላይ አሙቀው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ጫጩቶቹን ዙሪያውን አስቀምጠዋል። አንዳንዴ እንደ ዶሮ ለመጥራት ይሞክራሉ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሽማግሌው «ቅር ቅር» ሲሉ ያዳምጣሉ፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ጫጩቶቹ ከእጃቸው ምግብ አይቀበሉም። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ይንጫጫሉ። ጋሽ ብናልፈው መዳፋቸውን ከፍተው አንዱን የደረቀ ጫጩት አሳዩኝ።

«ለእትዬ አስካለ አትንገርብኝ» አሉ።

«ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«ተሽሎታል በላቸው።»

ወዲህ ማዶ ገብስማዋ ከቅርጫት ሥር ተዘግቶባት፣ በላዩም ድንጋይ ተጭኖበት ነበር። እህሉን አልነካችም። በዚያን ዕለት የጫጩቶቹ ጫጫታ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ገብስማዋ ስትሮጥ ወጣች። ድንጋዩ ምን እንደሆነ በኋላ ስጠይቃቸው ነፋስ እንደጣለው ነገሩኝ። ያን ቀን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

ገብስማዋ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ሄደች። ባዩ በሥርዓቱ ዱላውን አጋድሞ «ወዴት?» አላት። ዶሮ ያለ ባለቤቷ አትሻገርም። እሷም አንገቷን ዝቅ፣ ክንፏን ሰፋ አደረገችና ጉልበቱ ላይ ዘለለች። ባዩ ግዙፍ ሰው ነው፤ በጠቡ ዘመን ስሙ ያስፈራ ነበር። ያን ዕለት ግን የድልድዩ መደገፊያ ላይ ወጥቶ እንጨቱን አቅፎ ተቀመጠ። ገብስማዋ ዱላውን ረግጣ አለፈች፤ እኔም ተከተልኳት። ታች ሰፈርን በሕይወቷ አይታው አታውቅም፤ መንገድ ግን የጠየቀችው ሰው የለም። ጋሽ ብናልፈው ቤት ገብታ ጋቢውን በጥፍሯ ጫረችና፣ ድንጋዩን ገፍታ፣ በቦታው ተቀምጣ ክንፏን ከፈተች። ቤቱ ወዲያው ጸጥ አለ። ሹም አይቻለሁ፣ አዛዥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሥልጣን ግን አላየሁም። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ አስካለ ድልድዩ ላይ ደረሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሻግረው አያውቁም፤ ታቃፊዋ የእሳቸው ስለሆነች ሁልጊዜ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

«ወዴት ነው እትዬ?» አለ ባዩ መደገፊያው ላይ እንዳለ።

«ዶሮዬን ልጠይቅ።»

«ሕጉ እንቁላል መጠየቅ እንጂ ዶሮ መጠየቅ አይልም እኮ።»

«አይልም እንዴ? እንግዲያው ውረድና ከልክለኝ።»

ባዩ አልወረደም። ገብስማዋ ትመለስ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም።

ጋሽ ብናልፈው እትዬ አስካለን በራቸው ላይ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሩ አጠገብ ያለውን የጭቃ መደብ በእጃቸው ጠርገው «ይቀመጡ» አሉ። እትዬ አስካለ ተቀመጡ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ክዳኑ ተበልቶ ሰማይ በየቦታው ይታያል፤ የክዳን ሠሪው ቤት ያፈስ ነበር።

«የእኔን ሲያለብሱ የራስዎን ረሱት እንዴ?»

«አይ፣ ሣሩ አልተረፈኝም» አሉ ጋሽ ብናልፈው።

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ከጣሪያው አወረዱ። ከዚያ ጫጩቶቹን ማየት ጀመሩ፤ ዓይናቸው አንዱ መጉደሉን እንዳየ አወቅሁ። እሳቸውም ግን ስለ እሱ አልጠየቁም።

የገብስማዋ ወሬ በሰፈሮቹ ተሰማ። በማግስቱ የሌሎችም ዶሮዎች ቅርጫት ነፋስ ይጥለው ጀመር። የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ተሻገረ፤ ከኋላቸውም ባለቤቶቻቸው «ዶሮዬን ልጠይቅ» እያሉ ተከተሉ። ድልድዩ እንደዚያ ሰው ሞልቶት አያውቅም ነበር። አቶ እንዳላማው ዘበኞች ጨመረ፤ ዘበኞቹም ለካ ዶሮ ነበራቸው። እትዬ አስካለ በየቀኑ እየሄዱ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ በበኩላቸው በክንዳቸው ሥር ሣር ይዘው ነበር የሚሄዱት።

ከዚያ ጫጩቶቹ አደጉ፤ ክንፍ አበቀሉ፤ ገብስማዋም የሚገባትን አደረገች። አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሊጠጓት ሲሉ በመንቆሯ መታ መታ አደረገቻቸው። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና መታቻቸው። የማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። እኔ ግን ጭልፊት ከገጠመችበት ቀን ይልቅ የማደንቃት በዚህ ነው፤ ሲያስፈልግ ማንም የማያነሣትን ያህል፣ ሥራዋ ሲያልቅ ማንም ሳይላት ተነሣች። የእንዲህ ያለች ዶሮ ዳኛ መሆኔ ያኮራኛል። ላባዋን አራግፋ ወጣች፤ ድልድዩን ተሻገረች፤ ባዩ ዱላውን አንሥቶ አሳለፋት። እቤቷ ገብታ ቆጥ ላይ ወጣች። በዚያ ሰሞን ሌሎቹም ዶሮዎች እንዲሁ አደረጉ።

አቶ እንዳላማው በጣም ደስ አለው። «አያችሁ? ሁሉም ወደ መነሻው ተመለሰ» አለ። ድልድዩ ባዶ ሆነ። ዙሪያውን ሲያስቃኝ ግን አንድ የቀረ ነገር ተገኘ። እትዬ አስካለ በጋሽ ብናልፈው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሹሙ ዘበኞቹን አስከትሎ፣ እኔንም ጠርቶ ሄድን። ጋሽ ብናልፈው በራቸው ውስጥ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው ጣሪያው ላይ የገባውን አዲስ ሣር ያያሉ።

«እትዬ አስካለ» አልኳቸው፣ «ገብስማዋ እኮ ገባች።»

«ስትሄድ አይቻታለሁ።»

«እና?»

«እና ምን?»

«ዶሮዋ የለችም» አለ ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የሴትዮዋ ምክንያት አልቋል። አንተ ዳኛ ነህ፤ አስነሣቸው።»

እኔ የማውቃት ምርመራ አንዲት ብቻ ናት። መደቡ ሥር ተንበረከክሁና እጄን በነጠላቸው ጫፍ በኩል ቀስ አድርጌ ሰደድኩ። እትዬ አስካለ ወደ ታች አዩኝ። ከዚያ እጄን በጥፍራቸው ቆነጠጡኝ፤ ሲቆነጥጡ ለይምሰል አልነበረም። ካሉበትም አልተነቃነቁም።

ተነሥቼ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅሁና፣ እንደ ሁልጊዜው በዝግታ ሳይሆን ዘበኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ ፍርዴን ሰጠሁ። «እውነተኛ ታቃፊ ናቸው። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ማንም ከተቀመጡበት ሊያነሣቸው አይችልም።»

አቶ እንዳላማው ለመናገር አፉን ከፈተ። ካፖርቱ ጫፍ ላይ ጫጩቶቹ ድልድዩ ላይ ያኔ የተዉበት ነጭ ነጠብጣብ አሁንም ነበር፤ አላስጠረገውም።

«ምን አቅፈው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሕጋችን ከሥር ያለውን አይመረምርም፣ ክቡርነትዎ።»

«እስከ መቼ?»

«ያንን የምታውቀው ታቃፊዋ ብቻ ናት።»

ሹሙ መደቡን ትንሽ ሲያይ ቆየና ባርኔጣውን ለእትዬ አስካለ አንሥቶ፣ ዘበኞቹን አስከትሎ ወጣ። ጋሽ ብናልፈው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ዳቦና አንድ ጣሳ ውኃ ይዘዋል። ሕጉን ያውቁታልና፣ የእትዬ አስካለ አንገት በሚደርስበት ቦታ አጠገባቸው አስቀመጡላቸው። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እጄን እስከ ማታ ጠዘጠዘኝ።